የእትዬ ጅግራ ፈቃድ

መጋቢት 4 ቀን 2015፣ ጂንካ

ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሽ ልዑልቃል በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የልጆች መጫወቻቸውን ሊያድሱት ነው። ከድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወረድ ብሎ ያለው፣ ዥዋዥዌውና የሚሽከረከሩት ፈረሶች ያሉበት ግቢ ነው። ግድግዳውን በሙሉ የሳልኩት እኔ ነኝ። ግማሹ ከፊልም የቀዳናቸው የውጭ ካርቱኖች ናቸው፤ ግማሹ የራሴ ጉሬዛዎችና ድኩላዎች።

"አንድ ጠበቃ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ነበር" አሉኝ። "እነዚህ ካርቱኖች ባለቤት አላቸው፤ ሳያስፈቅዱ መነገድ ያስከስሳል አለኝ። እኔ ስዕል ነው ብዬ እንጂ ባለቤት ይኖረዋል ብዬ መቼ አሰብኩ?"

"እና ይጥፉ?"

"ይጥፉ። በምትካቸው ፈቃድ ያለው እናስገባለን፣ በውል።" ፊታቸው በራ። "የእህትሽን ጅግራ።"

ደስ ይላል አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ደስ ይላል አልኩ።

የእኔን ጉሬዛዎች ምን እንደሚያደርጓቸው አልጠየቅኩም። እሳቸውም አላነሱትም።

መጋቢት 6

ዛሬ ሕፃናቱን ለእረፍት አሰልፌ "ከኋላዬ" ስል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ አለቀ። አንዷ ሁለት እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ከፊቴ ወዲያ ወዲህ ትንጎራደዳለች። ቴሌቪዥን አባልጓቸዋል። ለርዕሰ መምህሩ እናገራለሁ።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

እማዬ ቅዳሜ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ቴሌቪዥኑን ሳታይ አትወጣም። ዛሬ እኔንም አስቀመጠችኝ።

ታናሽ እህቴ ፀደይ አዲስ አበባ በአንድ የካርቱን ስቱዲዮ ውስጥ ትሠራለች። እትዬ ጅግራን የፈጠረቻት እሷ ናት። አሁን ሸሚዙም፣ የውሃ ኮዳውም፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውም ላይ ያለችው ጅግራ ናት። እትዬ ጅግራ የሰፈሩን ጫጩቶች ሁሉ ሰብስባ ትመራለች። ሁሉን ታዛለች። የማንንም ምሳ ዕቃ ከፍታ ሳታይ አታሳልፍም። መንገድ ሲሻገሩ ክንፏን ዘርግታ "ከኋላዬ" ትላለች። ሲያመሰግኗት "እኔ ምን አደረግኩ" ብላ ፊቷን ታዞራለች፤ ሳያመሰግኗት ሲቀሩ ግን ታኮርፋለች። ይኸው ነው። ሰው በዚህ ምኑ እንደሚያስቀው አይገባኝም። ጅግራ ደግሞ እንደዚያ አትራመድም።

እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የገረመኝ፣ ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን እያየች መሳቋ ነው።

"እትዬ" መባሏንም አንዳንድ ሰው እንደ ነገር ያነሳዋል። በአገሩ ያለች ታላቅ እህት ሁሉ እትዬ ናት።

ፀደይን እርሳስ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት እንድትገባ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት እኔም ፈተናውን አልፌ ነበር። መሄድ እችል ነበር። እማዬን ብቻዋን ትቼ መሄድ ስላልፈለግኩ ነው።

መጋቢት 18

ረቂቅ ውሉና የአጠቃቀም መመሪያው መጣ። ባሌ ታሪኩ ከወይጦ ማሽላ ጭኖ ሲመለስ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ብሎ ፕሪንት አስደርጎልን ገባ። ጋሽ ልዑልቃል ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እንዳነብላቸው ሰጥተውኛል።

መመሪያው ከውሉ ይወፍራል። የፊቷ ሰማያዊ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ተጽፏል። ነጠብጣቦቿ አይበዙም፣ አያንሱም። አንገቷ ከተባለው በላይ አይረዝምም። ፈገግ ትላለች እንጂ አትስቅም። ሳይፈቀድ ከሌላ ካርቱን አጠገብ አትቆምም። ማንኛውም ስዕል ሕዝብ ከማየቱ በፊት ፎቶው ለስቱዲዮው ተልኮ ይጸድቃል።

ይጸድቃል። የእኔ ሥራ። በእሷ።

ጋሽ ልዑልቃል ለቀለም ቀቢዎቹ "ከገዛ እህቷ የተሻለ ማን ይስላታል" ሲሉ ሰማሁ። ድሮ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ።

መጋቢት 22

ሙከራውን በሰሌዳ ላይ ሠርቼ ላክሁ። ተመለሰ። "ዓይኗ ጨክኗል። እባክዎ ያለስልሱት።"

እባክዎ። ለእኔ።

መጋቢት 27

እንደገና ተመለሰ። አሁን ደግሞ አፏ የተቆጣ ይመስላል አሉ። ታሪኩ ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፎ ራቅ ብሎ አየው።

"እውነታቸውን ነው" አለ። "ልክ አንቺ ስትቆጪ..." ብሎ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ።

ምን ሊል እንደነበር አልጠየቅኩትም። ራቱን አቀረብኩለት።

ዛሬ ቀቢዎቹ ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። የውጭዎቹ ካርቱኖች ሄዱ፤ ቀጥሎ ድኩላዎቼ። ትልቁ ጉሬዛ ጥቁር ስለሚበዛበት አልጠፋ ብሎ ሁለቴ ቀቡት። ቆሜ አየሁ። ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ሮጠው ገቡ፤ እኔ ግን ጃንጥላ ይዤ ነበር።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

ጸሎት ቤት ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች።

"ፀደይ ለፋሲካ ልትመጣ ነው አሉ። ያቺ ጎበዟ።"

"ታላቋስ?"

"ታላቋማ እዚሁ ናት።"

ስብከቱ ስለምን እንደነበር አላውቅም።

ሚያዝያ 3

ጋሽ ልዑልቃል ውሉ ከበደኝ ብለው አማከሩኝ። ፀደይ ለበዓሉ ስትመጣ ስቱዲዮውን ወክላ ልታፈራርማቸው ነው። ጠየቁኝ፤ የመሰለኝን ነገርኳቸው። ከፈረሙ በኋላ ያለ አዲስ አበባ ፈቃድ አንዲት ሚስማር አይመቱም አልኩ። ዘመኑ ሲያበቃ ስቱዲዮው ፈቃዱን ቢያነሳ ግድግዳዎ ባዶ ይቀራል አልኩ። የተጻፈ ነው፤ የዋሸሁት ነገር የለም።

ውሉ ሲያበቃ መጀመሪያ ለእሳቸው ይታደሳል የሚለው ገጽ ላይ አልደረስንም። መብራት ጠፋ፤ ጊዜም አልነበረም።

ሚያዝያ 5

ጋሽ ልዑልቃል አልፈርምም ብለው ለስቱዲዮው ደወሉ። ራሴን አሞኛል። ልቤ ቀለል ብሎኛል። የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ።

ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ

መጣች። ቀጥናለች። ለእማዬ ጥሩ ሻርፕ፣ ለታሪኩ ጫማ፣ ለእኔ የውሃ ቀለም፤ ያ እኔ ጂንካ ውስጥ አግኝቼው የማላውቀው ዓይነት። አመሰግናለሁ አልኩና ቁምሳጥኑ ላይ አኖርኩት። ምሳ ላይ ጎረቤት ሁሉ እሷን ሊያይ መጣ። አንዱ በአሪኛ "ጅግራዋን አመጣሽልን?" አላት፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ወጥ ለመጨመር ተነሳሁ።

ስለ ጋሽ ልዑልቃል ምንም አላለችም። ያልሰማች መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 9

ዛሬ የሆነውን እንደ ሆነ ልጽፈው።

ከምሳ በኋላ ፀደይ ጋሽ ልዑልቃልን ላነጋግር ብላ ተነሳች። ብቀር ያስጠረጥራል ብዬ አብሬያት ሄድኩ። እሳቸው የዋህ ናቸው። "ምን ላድርግ ልጄ፣ እህትሽ ናት የመከረችኝ። እሷ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ትቀርባለች ብዬ አመንኳት" አሏት፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

ፀደይ ቀስ ብላ አመሰገነቻቸው። ከዚያ እጄን ይዛ ኖራ ወደተቀባው ግድግዳ ወሰደችኝ።

"የእድሳቱን ገጽ አይተሽው ነበር?"

"የቱን ገጽ?"

"እትዬ።"

"አይቼዋለሁ።"

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጀርባዋ በኖራ ነጣ። "ስቱዲዮው የደቡቡን ፈቃድ ለአርባ ምንጭ ሊሰጥ ነበር። እዚያ ሰው ይበዛል። ጂንካ ይቅደም ብዬ ስብሰባ ለስብሰባ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። አሁን ሰውየው ካልፈረሙ ለሌላው ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ የጂንካ ልጅ እትዬ ጅግራን ለማየት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ይቀመጣል።"

"ማን ተሟገቺ አለሽ?"

"ማንም። ቤቷ እዚህ ስለሆነ ነው።"

"የማን ቤት?"

አየችኝ። ልትስቅ ብላ ተወችው። "እውነት አታውቂም? ከተማው በሙሉ ያውቃል እኮ። አንቺ ነሽ።"

አውቃለሁ አልኳት። መቼ እንዳወቅኩ እንጃ። ምናልባት መጀመሪያ ያየኋት ቀን።

"ካወቅሽ ለምን..."

"ጋሽ ልዑልቃል ለአንዲት ወፍ ፈቃድ ይኸው ስንት ጊዜ ደጅ ጠኑ" አልኳት። "ሰማያዊዋን ላለማበላሸት እኔ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? አረማመዴን፣ ኩርፊያዬን፣ አፌን ወስደሽ ቦርሳ ላይ ስትለጥፊ አንድ ቀን ስልክ አንስተሽ እትዬ ይሁን ወይ ብለሻል?"

ይቅርታ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እንዲህ አለች፦

"መጀመሪያ የሳልኩሽ ላሾፍብሽ ነው። ያኔ ተናድጄብሽ ነበር። አብረን እንሂድ ብዬ ስለምንሽ እማዬን ማን ያያታል ብለሽ ቀረሽ። ከዚያ በደወልኩ ቁጥር ለእኔ ብለሽ የተውሽውን ትዘረዝሪልኛለሽ። ጓደኞቼን ላስቃቸው ብዬ ጅግራ አደረግኩሽ፤ ሳቁም። በኋላ ለልጆች ሲታይ ልጆቹ ወደዱሽ። ማታ ካላዩሽ አንተኛም አሉ። መጀመሪያ የወደዱሽ እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።"

እኔ አይደለሁም አለች። ትቻት መጣሁ።

ሚያዝያ 10

ፀደይ ታሪኩ መኪና ላይ ተሳፍራ እስከ ወይጦ ሄደች፤ ከዚያ አውቶቡስ ትይዛለች። እኔ አልሸኘኋትም። ክፍል ነበረኝ።

ሚያዝያ 11

እማዬ ያለወትሮዋ ቤቴ ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"እኔን ለመጦር ብለሽ እንደቀረሽ ነግረሻታል?"

"ታዲያ አይደለም?"

"እኔ ያን ጊዜ ጤነኛ ነበርኩ ሰብለ። ገበያ ውዬ እገባ ነበር። ሂጂ ብዬ ልብስሽን በሻንጣ ያደረግኩልሽ እኔ ነኝ። ማለዳ ስነሳ ሻንጣው ተፈቷል፣ ልብሱ መስቀያው ላይ ነው። ምንም አላልኩሽም። ፈርታለች ብዬ ተውኩሽ። መፍራት ነውር አይደለም። ግን በእኔ አታሳብቢ።"

ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ፀደይ ያመጣችላትን ሻርፕ።

ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሚያዝያ 13

ጋሽ ልዑልቃል ዘንድ ሄድኩ። ውሉን ዘርግቼ የእድሳቱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው።

"ይህን አላነበብሽልኝም" አሉ።

"አላነበብኩልዎትም።"

"ለምን ልጄ?"

ሌላ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፣ መብራት መጥፋቱን ምናምን። "ቀናሁባት" አልኳቸው። ቃሉን ለራሴም ብዬው አላውቅም።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ። "እኔም ወንድም አለኝ" አሉ፣ "ሐዋሳ ፎቅ ሠርቷል።" ከዚያ ብዕር ጠየቁኝ። ከመፈረማቸው በፊት ግን አንድ ነገር አስገቢልኝ አሉ፦ የኋለኛው ግድግዳ ከፈቃዱ ውጭ ሆኖ ለሰብለ የራሷ ሥራ ይተው።

አልጠየቅኳቸውም ነበር። አመሰግናለሁ ለማለት አፌን ከፍቼ "እኔ ምን አደረግኩ" የሚል ነገር ወጣኝ። ሳቁብኝ።

ሚያዝያ 15

ፀደይ ደወለች። ስቱዲዮው በኋለኛው ግድግዳ ተስማምቷል፤ አርባ ምንጭ ይጠብቃል። ስለ ጠቡ አላነሳንም። ልትዘጋ ስትል፦

"እትዬ፣ እየዘገየም ቢሆን ልጠይቅሽ። ትፈቅጂልኛለሽ?"

"አስብበታለሁ" አልኳት።

ቢዘገይ ምን አለበት። እኔ ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት።

ግንቦት 3

በር ዘግቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ለመሳል ብዬ ነው። ክፍል ሳስተምር የምሆነውን ሆንኩ፣ ስቆጣ፣ ሳዝዝ፣ አንድ ልጅ ወድቆ ሲነሳ ሳይ። የመጨረሻውን ሣልኩት። ዓይኔ እንደዚያ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ላክሁት።

ግንቦት 5

"ጸድቋል። እሷው ናት።"

እባክዎ የለበትም።

ግንቦት 26፣ ቅዳሜ

ምረቃው ዛሬ ነበር። እግሬን አሞኛል፣ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ፀደይ ባለፈው ረቡዕ መጥታለች። ትልቁ የጅግራ ልብስም ከእሷ ጋር መጣ፦ ውስጡ ሰው ገብቶ የሚሄድበት፣ የወፏ ራስ ለብቻው የሚጠለቅ። የሚለብሰው የሠለጠነ ሰው ከአርባ ምንጭ ይመጣል ተብሎ ነበር። ማለዳ ደወለ፤ ወይጦ አጠገብ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶታል። ግቢው ደግሞ ሞልቷል። ልጆቹ በሩ ላይ "እትዬ ጅግራ የት አለች" እያሉ ይጣራሉ።

ጋሽ ልዑልቃል ወደ እኔ ዞሩ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ "ሞቼ እገኛለሁ" አልኳቸው።

ፀደይ ልብሱን አንስታ ቲኬት መቁረጫው ቤት ገባች።

ስትወጣ ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ከዚያ ተራመደች። ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ በአጭር በአጭሩ፣ በየሦስት እርምጃው ወደ ኋላ እየዞረች። የአንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ ከፈተች፣ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። አንዱ ሳያመሰግን ከረሜላውን ይዞ ሲሮጥ ጀርባዋን ሰጥታ አኮረፈች። ልጆቹ ሳቁ፤ ትልልቆቹ ደግሞ እኔን ፈልገው እያዩ ሳቁ። ጸሎት ቤት ከኋላዬ የሚቀመጡት ሴቶች ተደጋግፈው ነው የቆሙት። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፣ አሁንም ያናድደኛል፦ እኔን መሆን እንኳ ከእኔ በላይ ትችላለች።

ፀሐዩ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው ዓይነት ነበር። ዥዋዥዌው ጋ ስትደርስ ተንገዳገደች። ሰው ጨዋታ መሰለው። እኔ ግን ጉልበቷን አየሁት፤ ሕፃን እያለች ልትወድቅ ስትል እንደዚያ ነበር የሚከዳት። ልጆቹን ገፍቼ ገብቼ በብብቷ ይዤ ወደ ቲኬት ቤቱ ወሰድኳት።

ራሱን ሳወልቅላት ፀጉሯ ከላብ የተነሳ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ውሃ አጠጣኋት፤ አንገቷን አራስኩላት።

"ይከብዳል" አለች። "ከፊትሽ ካለው በቀር ምንም አይታይሽም። ከኋላሽ የሚከተሉት ይኑሩ አይኑሩ አታውቂም። ለዚያ ነው የምዞረው፣ አውቄ አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"ስስልሽ ይሄን አላወቅኩም ነበር።"

ውጭ ልጆቹ ይጣራሉ። ጋሽ ልዑልቃል በሩን ከፍተው ምን እናድርግ የሚል ፊት አሳዩን። ፀደይ ለመነሳት ሞከረች፤ መልሼ አስቀመጥኳት። ልብሱን ገፍፌ ለበስኩት። ርጥብ ነበር፣ የእሷን ላብ ይሸታል። ራሱን ያጠለቀችልኝ እሷ ናት።

ማንም ልዩነቱን አላወቀም ብለውኛል። ታሪኩ ብቻ ሁለተኛዋ ትንሽ ኮፈስ ትላለች አለኝ። ደግሞ አንዲት ሕፃን ለእናቷ "የመጀመሪያዋ ትሻላለች" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ቢሆንም እስኪዘጋ ድረስ አላወለቅኩትም።

ግንቦት 28

ሸኘኋት። እስከ መናኸሪያው እኔ ነኝ ሻንጣዋን የተሸከምኩት፤ እሷ ልያዝ ብትል አልሰጠኋትም። አውቶቡሱ ላይ ሆና በመስኮት "እና ፈቃዱስ?" አለችኝ።

"ለብሼው የለ?" አልኳት።

ሰኔ 4

የውሃ ቀለሙን ከቁምሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ጥሩ ቀለም ነው። በጣም ጥሩ ነው። እዚህ አለመኖሩ ያናድዳል።

ሰኔ 9

የኋለኛው ግድግዳ የእኔ ነው። ጉሬዛዬን አልመለስኩትም፤ ሌላ ነገር መጣልኝ። አንዲት ጦጣ። ትንሽ፣ ፈጣን፣ የሰው ምሳ ነጥቃ ዛፍ ላይ የምትወጣ፤ ከላይ ሆና ሁሉንም እያየች የምትስል፣ በሰረቀችው ፍሬ ጭማቂ። ጅራቷን ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳብኩት። ስትወጣ መሰላል ሆኖ የያዛት ማን እንደሆነ ግን አልሣልኩም፤ ከታች ነጠብጣብ ያለው ላባ ብቻ ይታያል።

ላባው ያሳሰባቸው ጋሽ ልዑልቃል ናቸው። "ይሄ ከጅግራዋ ነካ አድርጓል" አሉ። "ውሉ ከሌላ ካርቱን ጋር ሳይፈቀድ አትቆምም ይል የለ? ይላክ።" እሳቸው አሁን ውሉን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ፎቶውን ላክሁ። ቀኑን ሙሉ መልስ የለም። ክፍል እያስተማርኩ ስልኬን ስንቴ እንዳየሁት አልናገርም። ተናደደች አልኩ። ትናደድ አልኩ። ደግሞ መሰላሉን ባልሠራው ይሻል ነበር አልኩ።

አመሻሽ ላይ መጣ።

"አፏ ላይ ያለው ፈገግታ ተንኮለኛ ነው፤ ይሁን። ጅራቷ ግን ከልክ በላይ ረዝሟል። እባክሽ ይጠር። ሌላው ጸድቋል።"

ጅራቷን አላሳጠርኩትም።